ጃርት፣ ከርከሮና ዝንጀሮ እህላችሁን እንዳይጨርሱት፦ ጥይት ከመፈለጋችሁ በፊት የሚሠሩ ደረጃዎች

ማሽላው ወተት ሲይዝ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ሁሉም ከጎንደር አካባቢ ነው፤ አንዱ ከጭልጋ ነው፣ ሌላው ከደምቢያ፣ ሌላው ከወገራ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ለዚህ አውሬ የትኛው ጥይት ይሻላል?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «የገባብህ ምንድን ነው? ዱካውን አይተሃል?» አብዛኛው ሰው አላየም። ሌሊት ኮሽታ ሰምቷል፣ ጠዋት የወደቀ አገዳ አይቷል፣ ከዚያ በቀጥታ ሐሳቡ ወደ መሣሪያ ሄዷል።

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ለጃርት የሚሆነው አጥር ዝንጀሮን አያግድም። ለዝንጀሮ የቆመው የቀን ጠባቂ፣ የዱር አሳማው ሲገባ ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ። አንዱን ዘላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዶማ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ጥሩ ባትሪና አንድ ከረጢት የተነፋ አመድ አዘጋጁ። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ካለ ይጠቅማል፤ በኋላ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ስታመለክቱ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን ጎረቤት ያስፈልጋል። ማሳችሁን ከሚያዋስኗችሁ ሰዎች ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። አንድ ሰው ብቻውን ቢያጥር አውሬው በጎረቤት ማሳ ዞሮ ይገባል። ሥራውን በወንፈል ወይም በደቦ አድርጉት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። እሸቱ ከመድረሱ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። አንድ ጊዜ የቀመሰን አውሬ መመለስ፣ ገና ያልቀመሰውን ከመከልከል እጅግ ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ የገባውን ለዩ

ጠዋት ከብት ሳይገባ፣ ሰው ሳይረጋግጠው ማሳውን ዙሩ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ዱካው፣ የተበላበት መንገድና ሰዓቱ።

ጃርት፦ የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። አገዳውን ከመሬት አጠገብ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ቆረጣው ላይ ሰፋፊ የጥርስ ቦይ ይታያል። ድንች ከሆነ ቆፍሮ አውጥቶ ጉድጓዱን ክፍት ይተወዋል። የኋላ እግሩ አሻራ ድፍን ያለ ነው፤ የሕፃን እግር ይመስላል። ከአጠገቡ የእሾህ ጭረት ወይም የወደቀ እሾህ ካገኛችሁ ጥርጥር የለውም። ደባርቅና ዳባት አካባቢ ድንች የምታለሙ ሰዎች መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ ይህን ነው።

ከርከሮ፦ ሁለት ሰኮና አለው፤ መሬቱን በአፍንጫው እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ሲበላ የፊት እግሩን አጥፎ ስለሚንበረከክ፣ በለስላሳ አፈር ላይ የጉልበቱ ምልክት ይቀራል። ከርከሮ በተፈጥሮው የቀን እንስሳ ነው፤ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ (ምስጥ የሚበላው ቆፋሪ አውሬ) ቆፍሮ የተወው ነው።

የዱር አሳማ፦ ብዙ ሰው ይህንንም ከርከሮ ይለዋል። ሰኮናው ይመሳሰላል፤ ሰዓቱ ግን ይለያል። ይህኛው ቀን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ይውልና ሌሊት በመንጋ ይወጣል። ማሳው በአንድ ሌሊት እንደ ተወቃ አውድማ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። አገዳውን አኝኮ ጭማቂውን መጥጦ ገለባውን ይተፋዋል።

ዝንጀሮ፦ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። አሻራው የሰው እጅ ይመስላል። በቆሎውን ይገነጥላል፣ ልባሱን ይልጣል፣ ጥቂት ነክሶ ይጥልና ሌላ ይይዛል። ልጣጩን ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ታገኙታላችሁ።

ዱካው ካልተለየ፦ አመሻሽ ላይ በምትጠረጥሩት መግቢያ ሁሉ አመዱን በስሱ አልብሱት። ስፋቱ አንድ ክንድ፣ ርዝመቱ እንደ መግቢያው ይሁን። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እዩት። ዝናብ ከመታው በሚቀጥለው ማታ ድገሙት። 3 ሌሊት በቂ ነው። ከአንድ በላይ እንስሳ ካገኛችሁ፣ ብዙ ጉዳት ከሚያደርሰው ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ተከተሉ

ጃርትም አሳማም መንገድ የማይቀይሩ ናቸው። በየሌሊቱ በለመዱት ይመጣሉ። ዱካውን ከማሳው ወደ ውጭ ተከተሉት። ወደ ሸለቆ ይወርዳል? ወደ ቁጥቋጦ? ወደ ካቡ ስንጥቅ? መግቢያዎቹን ሁሉ በእንጨት ምልክት አድርጉ፣ ቁጥራቸውንም ያዙ።

ጉድጓዱን ካገኛችሁ እጃችሁን አታስገቡ፤ ፊት ለፊቱም አትቁሙ። ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በጀርባው ነው። ፊቱና ክራንቻው ወደ እናንተ ነው። ከወጣ እንደ ተወነጨፈ ነው። ጭስ ማስገባትም ይቅር። እባብም ሌላም ሊኖርበት ይችላል። የጃርትን ጉድጓድ በድንጋይ መድፈንም ትርፉ ድካም ነው፤ በሌላ በኩል ቆፍሮ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ዳሩን አጽዱ

በማሳውና በቁጥቋጦው መካከል 5 ሜትር ያህል መንጥሩ። አውሬ ሜዳ ማቋረጥ አይወድም። ዛፍ አትቁረጡ፤ ሣሩንና ችፍርጉን ብቻ አንሱ። እሳት አትልቀቁ።

ደረጃ 4፦ አጥር ወይስ ቦይ?

ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚያጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ለጃርት። ጃርት መዝለልም መውጣትም አይችልበትም። የሚያውቀው መቆፈርና መቆርጠም ነው። ስለዚህ ቁመት ሳይሆን ሥር ነው የሚያስፈልገው። ድንጋይ ባለበት በወገራና በደባርቅ የድንጋይ ካብ ከሁሉ ይሻላል። እንዲህ ሥሩት፦

1. መጀመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መሠረት ቆፍሩ።
2. ትልልቁን ድንጋይ ከታች አሳርፉ። ትንንሹን ከታች ካደረጋችሁት ይመነቅለዋል።
3. ከመሬት በላይ 80 ሳንቲ ሜትር ካቡ።
4. ክፍተቱን ሁሉ በጠጠር ሙሉ። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አይቅር።

ድንጋይ ከሌለና የሽቦ መረብ መግዛት ከቻላችሁ፣ የታችኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት። ስትቀብሩትም ጫፉን ወደ ውጭ፣ ማለት አውሬው ወደሚመጣበት አጥፉት። ጃርቱ ከአጥሩ ሥር መቆፈር ሲጀምር መረቡ ላይ ይደርስና ይተወዋል። ሰው የሚሳሳተው ወደ ውስጥ እያጠፈ ነው። ያ ምንም አይፈይድም።

የእሾህ አጥር ብቻውን ለጃርት አይበቃም። በሥሩ ይሾልካል።

ለከርከሮና ለአሳማ። ቦይ ይሠራል፤ አፈሩ ከፈቀደ። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር አይነስ፣ አፉም 1 ሜትር ይሁን። በማሳው በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቁም። የወጣውን አፈር በማሳው በኩል ከምሩት፤ ክምሩ ቁመት ይጨምራል። በሌላው በኩል ከከመራችሁት ለአሳማው መነሻ ሠራችሁለት ማለት ነው።

አሁን ስለ አፈሩ። አጎቴ ደምቢያ ላይ 200 ሜትር ቦይ አስቆፍሮ ነበር። ልጆቹም እኔም ሁለት ሳምንት ለፋንበት። ክረምቱ ሲገባ ዋልካው፣ ማለት ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ግድግዳው ተናደ፣ በነሐሴ አጋማሽ ቦዩ ግማሽ ሞልቶ አሳማው እየተራመደበት ያልፍ ነበር። ዋልካ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አይቆምም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ በየሳምንቱ መጥረግ፣ ወይ ቦዩን ትታችሁ የእሾህ አጥር ማጠር። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ቀይ አፈርና ጭንጫ መሬት ላይ ግን ቦዩ ዓመታት ይቆያል።

የእሾህ አጥሩን ስታጥሩ ጉቶውን ወደ ማሳው፣ ቅርንጫፉን ወደ ውጭ አድርጉ። በየሁለት እርምጃው ካስማ ትከሉ፣ አጥሩንም ከካስማው ጋር እሰሩት። ያልታሰረ እሾህ በአሳማ አፍንጫ ይገለበጣል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምታስቡ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ትከሉ። ስትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ያቃጥላል፤ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። ከገባ ወዲያው ብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በእጅ አትሹት።

አስታውሱ፦ የጎርፍ መውረጃ የሚያልፍበት ቦታ የአጥሩ ድክመት ነው። አውሬው በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘዋል። እዚያ ላይ ውሃ የሚያሳልፍ የእንጨት ፍርግርግ አድርጉ። ቦዩ አጠገብ ልጆችና ጥጆች እንዳይወድቁም ምልክት አቁሙ።

ደረጃ 5፦ ዝንጀሮን በሰው ጠብቁ

ለዝንጀሮ የሚሆን አጥር የለም። ይህን አምኖ መነሳት ይሻላል። ሥራው የሰው ነው።

ዝንጀሮ ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይወርዳል። ጠባቂው ከእሱ ቀድሞ መገኘት አለበት። ቁርስ በልቶ በ3 ሰዓት የሚመጣ ጠባቂ የሚጠብቀው ልጣጩን ነው። በ12 ሰዓት ተኩል ቦታው ላይ ይሁን። ከሰዓት በኋላም ወደ ገደሉ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጊዜ ስለሚሞክሩ፣ እስከ ምሽት መቆየት ግድ ነው።

ማማውን ከማሳው መሐል አትሥሩት። በገደሉና በማሳው መካከል፣ የሚወርዱበትን በሚያሳይ ቦታ ሥሩት። ገና ሳይገቡ አግኟቸው። ጅራፍ አጩሁ፣ በወንጭፍ ከፊታቸው መሬቱን ምቱ። ከመወንጨፋችሁ በፊት ማዶ እረኛ አለመኖሩን እዩ። መመለሻ መንገዳቸውን አትዝጉ፤ የተከበበ ወንድ ዝንጀሮ ይናከሳል።

ሕፃናትን ብቻቸውን አትላኩ። ዝንጀሮ ልጅን ከአዋቂ ይለያል፣ ልጅን አይፈራም። ደግሞስ ልጁ ትምህርት ቤት መዋል አለበት። 5 ቤተሰብ ተራ ቢገባ ለአንዱ የሚደርሰው በ5 ቀን አንዴ ነው።

ጠባቂ እያለም ከገቡ፦ ምናልባት አንዱ ክፍል ፊት ለፊት ታይቶ ጠባቂውን ሲያዘናጋ ሌላው በጓሮ ገብቷል። ሁለት ሰው በሁለት ዳር አቁሙ።

ደረጃ 6፦ ሌሊት ስታድሩ

ማስፈራሪያ ይሠራል፤ ግን ለጥቂት ሌሊት ነው። ቆርቆሮ፣ ጣሳ፣ የሰው ምስል፣ የፋኖስ መብራት፣ ሁሉም ይለመዳል። ስለዚህ በየ3 ቀኑ ቦታውን ቀይሩ፤ ሁለት ዓይነት በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ፤ አንዱን ለሌላ ጊዜ አስቀምጡት። በርበሬ ከደረቀ ኩበት ጋር ማጨስም ነፋሱ ከማሳው ወደ ቁጥቋጦው ሲነፍስ ብቻ ይጠቅማል። ጭሱን ራሳችሁ አትማጉት።

ውሻ ታላቅ አጋዥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ግን ይዛችሁ አትደሩ። ማንም ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ጃርት እሾኹን ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም። የኋሊት እየሮጠ መጥቶ ነው የሚወጋው። ውሻው ከተወጋ እሾኹን በገባበት መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ሳቡት፣ ቁስሉን እጠቡ።

በቆላ ለምታድሩ፣ በተለይ በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ፣ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከአውሬው የሚብሰው ትንኙና ዝንቡ ነው። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም፣ የምትነክሰውም በጨለማ ነው። ግራር ሥር፣ ኩይሳ አጠገብና የተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ አትተኙ። ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ሥሩ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ዘርጉ፣ እጅጌ ረጅም ልበሱ። ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጉ። ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ሰውነት ከከሳና በግራ በኩል ሆድ ካበጠ ስለ ካላዛር ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው።

ደረጃ 7፦ ወደ ጥይቱ ጥያቄ

ሕጉን ላስቀድም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ተከልክሏል። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። እህሌን በላብኝ ማለት ፈቃድ አይሆንም። በሰሜን ተራሮችና በአላጢሽ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥማ ጨርሶ አይታሰብም። ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም። ገብሳችሁን ቢግጥ እንኳ ደረጃ 5ን ሥሩ እንጂ መሣሪያ አታንሱ።

አሁን ስለ ጥይቱ ራሱ። ባለ መሣሪያው ሰው እጅ ላይ ያለው በብዛት ክላሽ ነው፤ ጥይቱ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ነው። የተሠራው ለጦርነት ነው። ዙሪያውን በብረት ቅርፊት ስለ ተሸፈነ ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይሰፋም። ብዙ ጊዜ በስቶ ያልፋል። ከርከሮው ቆስሎ ይሄዳል፤ እናንተም የቆሰለ ከርከሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ያለፈው ጥይት ደግሞ መንገዱን ይቀጥላል። ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። 1,500 ሜትር ላይ እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል። ድንጋይ ላይ ካረፈም ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

በሌላ አገር ለአደን የሚሸጠው ጥይት አፍንጫው ለስላሳ እርሳስ ነው። ሲመታ ይሰፋና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ለትንንሽ ሰብል አጥፊዎች ደግሞ ቅርፊቱ ስስ የሆነ፣ ቀላልና ፈጣን ጥይት አለ፤ ክብደቱ 3.6 ግራም ያህል ነው። ሲመታ ይበታተናል፣ የመንጠር ዕድሉም ያንሳል። ያንኑ ስስ ጥይት ከርከሮ ላይ ብትተኩሱት ግን ትከሻው ላይ ተበታትኖ ያቆስለዋል እንጂ አይጥለውም። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን ጥይት የለም። እናንተ እጅ ያለው ደግሞ ለአንዱም አይሆንም። መልሴ ይኸው ነው።

ከደረጃ 1 እስከ 6 ሠርታችሁ ጉዳቱ ካልቆመ፣ የዱካውንና የተበላውን እህል ፎቶ፣ ቀኑንና የማሳውን ስፋት ይዛችሁ በጽሑፍ ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ጎረቤቶቻችሁም ይፈርሙ። ፈቃድ ተሰጥቶት የሚተኩስ ሰው ከመጣ የእናንተ ድርሻ ይህ ነው፦

1. ጠባቂዎችን ሁሉ ከማማ አውርዱ፣ እረኞችን ጥሩ፣ ሰው ቁጠሩ።
2. ከእንስሳው ኋላ ጥይቱን የሚውጥ አፈር፣ ዳገት ወይም ገመገም እንዲኖር ቦታ ምረጡ። ሜዳና ድንጋያማ ቦታ አይሆንም።
3. በጨለማ እንዳይተኮስ ንገሩት። ኮሽታ ላይ የተተኮሰ ጥይት ያረፈበት የጎረቤት ጠባቂ ላይ ሊሆን ይችላል።
4. ለማስፈራራት ወደ ሰማይ መተኮስ የለም። የወጣው ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ማንም አያውቅም።
5. የቆሰለ ከርከሮን ልጆች እንዳይከተሉ ያዙ።

በፍጹም የማይደረጉ

መርዝ። ፀረ ተባይ በእህል ለውሶ ማስቀመጥ አንዳንዶች ዘንድ ተለምዷል። የሚሞተው ውሻችሁ፣ ዶሯችሁና ጥምብ አንሳው ነው። ልጅም ሊያነሳው ይችላል። ተቀምጦ ካገኛችሁት በባዶ እጅ አትንኩት፤ ልጆችንና ከብቶችን አርቃችሁ ለግብርና ባለሙያው ተናገሩ።

ከመብራት ምሰሶ በተሳበ ሽቦ ማጠር። የመጀመሪያው ሟች አሳማው ላይሆን ይችላል። ጎህ ሲቀድ ሊያጭድ የሚወጣ ሰው ነው።

ወጥመድና የተሸፈነ ጉድጓድ በሰው መተላለፊያ ላይ። አትሥሩ።

አጨዳ ሲደርስ

የደረሰ እህል ማሳ ላይ አይደር። በቆሎ ከደረቀ በዚያው ሳምንት ልቀሙት። የተቆፈረ ድንች ክምር ሜዳ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ጃርት ሲያገኘው ለከርሞም ቦታውን አይረሳም። ወድቆ የቀረውን ዛላና ፍሬ ለቅማችሁ ከብት አብሉት። ከዚያ አጥሩን ዙሩና ያለፉበትን ቀዳዳ ሁሉ በምልክት ያዙት። ካቡን ለመጠገን ደረቁ ወቅት ይመቻል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሥሩት፣ ሰኔ ከገባ አፈሩ ጭቃ ነው።